ያልታተመው የአጎቴ ካርድ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኮምፒውተር ላይ «ፕሪንት» ስትሉ፣ ያቺ ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ «ስንት ቅጂ? በየትኛው ፕሪንተር?» እያለች ስትጠይቃችሁ፣ ከኋላዋ የቀረው ገጽ በዚያ ሰዓት ምን እያደረገ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጤነኞች ናችሁ፣ እግዜር ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። እኔ ግን አሰብኩ። በማሰቤም የእህቴ ሰርግ ከመፍረስ ለጥቂት ተረፈ።

ይሄ የመጠየቅ በሽታ ከልጅነቴ ያለ ነው። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲዘጋ የእናቴን ነጠላ ጎትቼ «አሁን ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» እላት ነበር። እሷም ጭኔን ቆንጥጣ «ዝም ብለህ ስገድ» ትለኛለች። እሰግዳለሁ፤ አንድ ዓይኔን ገልጬ። መቼም የምጠይቀው አጥቼ አላውቅም፣ የሚመልስልኝ ነው እንጂ ያጣሁት።

አድጌ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ያው ገበያ በማይውልበት ቀን ሁሉ ማለቴ ነው፣ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ድረ ገጽ መሥራት ተማርኩ። የሚያሠራኝ ሰው ስላልነበረ ለራሴ ሠራሁ። ለምሳሌ የቢቸናን አየር የሚናገር ገጽ አለኝ። «አሁን ዝናብ እየዘነበ ነው» ይላል። በመስኮት አይቼ የምጽፍለት እኔ ነኝ።

ታዲያ እህቴ ትርንጎ ልትዳር ሆነ። የጥሪ ካርዱን ማተሚያ ቤት ቢሠራው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እኔ ግን «የእህቴን ካርድ ሌላ ሰው ሊሠራው? እኔ ሞቻለሁ?» ብዬ ፎከርኩ። ገጹን ሠራሁት። የተጠሪው ስም አንድ በአንድ እየመጣ ካርዱ ላይ ይቀመጣል፤ «አትም» የሚለውን ሰማያዊ አዝራር ስትጫኑ ካርዱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሌላ ስም ይመጣል። ቀላል ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ካርድ ለንስሐ አባታችን ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ደስ አላቸው፣ መረቁኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግርጌው ወረደ። ለካስ አዝራሩም አብሮ ታትሟል! ጣታቸውን አሳርፈው ተጫኑት። ጠበቁ። እንደገና ጠበቅ አድርገው ተጫኑት። ኋላ ቀና ብለው አዩኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ምንም አልመጣም።»

ለዚህ መላ ስፈልግ ነው እንግዲህ ያንን ጉድ ያገኘሁት። ብሮውዘሩ፣ ያው ድረ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ለካ ሊያትም ሲል ለገጹ ይነግረዋል! «ቢፎርፕሪንት» የሚባል ጥሪ ይልክለታል፤ «ልናትም ነውና ተዘጋጅ» እንደማለት ነው። ገጹም ያን ሲሰማ አዝራሩን ይደብቃል፣ ቀለሙን ያስተካክላል፣ ስክሪን ላይ «አያ እገሌ» የሚለውን ለወረቀቱ «ለተከበሩ አቶ እገሌ» ያደርገዋል። ሲያበቃ ደግሞ «አፍተርፕሪንት» የሚል ሌላ ጥሪ ይመጣል፤ «ጨርሰናል፣ ወደ ነበርክበት ተመለስ» ነው ነገሩ። አዝራሩን ሳልነካ በኪቦርድ ባዝዘው እንኳ ይሰማል። ማን ነገረው? በምን አወቀ? ቀኑን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። ፎቶ ኮፒ ፈልገው የመጡ ሰዎች አይተውኝ አይተውኝ ሄዱ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን የአክስቴ ልጅ ሰርግ ትዝ አለኝ። ያኔ አንድ ዘመዳችን በስሕተት ሁለት ካርድ ደርሷቸው «ሁለት በግ እንድነዳ ነው?» ብለው ተቀይመው ቀርተዋል። ስለዚህ ገጼን እንዲህ ስል አዘዝኩት፦ አፍተርፕሪንት ሲደርስህ ስሙን አረንጓዴ አድርገው፣ «ታትሟል» ብለህ ጻፍበት፣ ዳግመኛ እንዳይታተም ቆልፈው። መክፈቻ አልሠራሁለትም። ምን ያደርጋል? የታተመ ታትሟል። በብልጠቴ እኔው ራሴ ተገረምኩ።

አሁን ስለ አጎቴ ልንገራችሁ። አያ ዋሴ ይባላሉ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሞጣ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከአባባ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ምክንያቱ መሬት እንዳይመስላችሁ፤ በሬም አይደለም። ወንበር ነው። በአያታችን ተዝካር ዕለት አባባ እንግዳ በዝቶባቸው ሲዋከቡ ታላቅ ወንድማቸውን ዳሱ ደጃፍ ላይ አስቀመጧቸው፤ ወጪ ወራጁ እግር የሚረግጥበት፣ ውሻ የሚመላለስበት ቦታ። አጎቴ እህል ሳይቀምሱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሞጣ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አባባ «እሳቸው ይምጡ» ይላሉ፤ አጎቴም «እሱ ይምጣ» ይላሉ። የሚገርማችሁ፣ አባባ በኩርፊያ ላይ ሆነው እንኳ ታላቃቸውን አንቱ ከማለት ጎድለው አያውቁም። ሞጣ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያገኙ «እኒያ ግትር ሰውዬ ደህና ናቸው?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

ትርንጎ ደግሞ የአጎቴ ዓይን ናት። ልጅ ሆና እሳቸው ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው። የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ አባባን ፊት ለፊት ተቀምጣ «አጎቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ካልመረቁኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሙሽራው ከፈለገ ሚዜዎቹን ይዞ ይመለስ» አለች። ትርንጎ እንዲህ ስትል ማስፈራሪያ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። እናቴ «በሉ ካርድ ይላክላቸዋ!» አለች። አባባ ዝም አሉ። እኛም ዝምታውን እሺታ ነው ብለን ተነሣን።

የሞጣ ካርዶች የሚታተሙ ዕለት አባባ ሱቄ መጡ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸውና አሠራሩን አሳየኋቸው። «ይሄን ሲጫኑ ካርዱ ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ያሳይዎታል። ከወደዱት እዚህ ላይ «አትም» ይላሉ፣ ካልወደዱት ደግሞ «ሰርዝ» የሚል አለ።» አባባ ነገሩን ወደዱት። አንድ በተጫኑ ቁጥር ፕሪንተሩ ሲያጉረመርም ፈገግ ይላሉ። «ይሄ እንደ በቅሎ ነው፣ ሲነኩት ይሄዳል» አሉኝ። መሐል ላይ አንዲት ሴትዮ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ መጣች፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ከፎቶ ኮፒው ጋር ግብግብ ገጠምኩ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ ሌላ ስም መጥቷል፣ ከላይ ደግሞ በአረንጓዴ «አያ ዋሴ – ታትሟል» ይላል። እሰይ! አባባን ቀስ ብዬ አየኋቸው። አባባ በር በሩን ያያሉ። ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

ካርዶቹን ጠቅልዬ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ሞጣ ለወይዘሮ ከድጃ ላክሁ። ወይዘሮ ከድጃ ሞጣ ገበያ ላይ የጨርቅና የክር ሱቅ አላቸው፤ ከአባታቸው ጀምሮ ከቤተሰባችን ጋር እንደ ዘመድ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞጣ ለሚኖር ሰው የሚላክ ዕቃም ወሬም በእሳቸው ሱቅ ነው የሚያልፈው። ትርንጎ «አጎቴ ተጠሩ?» ስትለኝ ስክሪኑን አዞርኩላት። «ይኸው! ኮምፒውተር አይዋሽም» አልኳት። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ።

ሰርጉ ሲቃረብ ወይዘሮ ከድጃ ደወሉ።

«ስማኝማ ልጄ፣ ለአያ ዋሴ ካርድ አልላካችሁም?»

«እንዴት አልላክንም! ታትሟል እኮ!»

«እኔ ጋ አልደረሰም። ሰውዬው ደግሞ በየቀኑ እየመጡ መርፌ ይገዙኛል።»

«የምን መርፌ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወፍጮ በመርፌ አይሰፋ! ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሰው ካርዱን ሲወስድ ያያሉ፣ ‹ሌላ የመጣ ዕቃ የለም?› ይሉኛል፣ የለም ስላቸው መርፌ ገዝተው ይሄዳሉ። ወላሂ አንጀቴን በሉት። ሱቄ ውስጥ መርፌ ሊያልቅ ነው።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሹፌሩን ነው። የሚኒባሱን ወንበር ሥር በእንብርክኬ ሄጄ ፈተሽኩ፤ የሰው ጫማ አገኘሁ፣ አንድ እግር። ቀጥሎ ፕሪንተሩን ጠረጠርኩ፤ ሆዱን ከፍቼ ብልት በብልት አወጣሁት። ካርድ የለም። መልሼ ስገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፣ እሷ ያለ ሥራ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ትርንጎ ይሄን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። «ልብሱንም አልለካም፣ ጸጉሬንም አልሠራም» አለች ከውስጥ። እናቴ ደጅ ቆማ «ምን አደረግሽን እመቤቴ!» ትላለች።

የቀረኝ ገጹ ነበር። እስቲ ብዬ አንድ ስም ከፈትኩ፤ «አትም» አልኩ፤ መስኮቷ ስትመጣ ሆነ ብዬ «ሰርዝ» አልኩ። ገጹ ምን ቢል ጥሩ ነው? በአረንጓዴ «ታትሟል»!

ኧረ በሕግ! ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት። «ታትሟል።» ወረቀቱን ሁሉ አወጣሁ። «ታትሟል።» መብራት ሄደ፤ ቢቸና በሙሉ መብራት የለውም፤ ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ «ታትሟል» ይለኛል። የንግሥተ ሳባን ስም አስገብቼ ጠራኋት፤ እሷም ታትማለች። ንዴቴን ረስቼ መሣቅ ጀመርኩ። ነገሩ ገባኛ! አፍተርፕሪንት የሚለው «ወረቀት ወጣ» አይደለም፤ «መስኮቷ ተዘጋች» ብቻ ነው። ገጹ ውጭ ነው የቆመው። መጋረጃው ሲዘጋ ያያል፣ ሲከፈት ያያል፤ ውስጥ «አትም» ይባል «ሰርዝ» አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም። ለካስ ገጼም እንደ እኔ ጭኑን ተቆንጥጦ ዝም ብሎ የሚሰግድ ኖሯል! የሰው ዕድል ይሄን ያህል ሲመሳሰል አይቼ አላውቅም።

ሣቄ ግን ብዙ አልቆየም። ሰርዝ ያለ ሰው አለ ማለት ነው። ያን ዕለት ወንበሬ ላይ የተቀመጡት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

አባባን ከደጅ አጥሩን ሲያበጁ አገኘኋቸው። «አባባ፣ የአጎቴን ካርድ ሰርዘውታል እንዴ?»

«አዎ» አሉ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ለምን?»

አሁን ቀና አሉ። «ታላቄን በወረቀት ልጥራ? እኒያ ተሸክመው ያሳደጉኝን ሰው? ወረቀት ለባዳ ነው። ስማቸውን ከዚያ ላይ ሳየው አፈርኩ።»

«ታዲያ ሄደው በቃልዎ ይጥሯቸዋ!»

«እሳቸው መጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት።»

«ሳይጠሩ እንዴት ይመጣሉ? ‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› የሚሉን እርስዎ አይደሉም?»

«እኔስ ሳልጠራ እንዴት ሞጣ እሄዳለሁ?»

እሳቸው ካልመጡ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አይመጡም። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን ማለቂያ የሌለው ዙር እንለዋለን። ማሽኑ ሲሽከረከር ውሎ ይግላል እንጂ የትም አይደርስም። ይሄን ለአባባ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እኔም ግያለሁ፣ ሂድ ከፊቴ» አሉኝ።

ግን ወይዘሮ ከድጃ የነገሩኝን መርፌ ሳልነግራቸው አልሄድኩም። በየቀኑ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ የሰው ካርድ አይተው፣ መርፌ ገዝተው እንደሚመለሱ ነገርኳቸው። አባባ እጃቸው ላይ የያዙትን እንጨት አስቀመጡት። «ስንት ሰው ፊት?» አሉኝ። ከዚያ መልሴን ሳይጠብቁ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ስወጣ አባባ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንድ ጆንያ ጤፍ አስቁመው ቆመዋል።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ጤፍ ላስፈጭ።»

«የት?»

«ሞጣ።»

«ቢቸና ወፍጮ ጠፋ?»

«የቢቸና ወፍጮ ያሻክረዋል። የሰርግ ጤፍ ነው። ተሸከም!»

አንድም ነገር አልጠየቅሁም። በሕይወቴ መጠየቅ የተውኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጤፉን ሚኒባስ ላይ አስጫንን። ሹፌሩ፣ ያው ወንበሩን የፈተሽኩበት ሹፌር፣ «ለወፍጮ ሞጣ ድረስ?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። አባባ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ስለ ቢቸና ወፍጮዎች ክፋት ተናገሩ፤ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ግን አዲሱን ጋቢያቸውን ደጋግመው ማስተካከል ያዙ። እኔም ፈራሁ። ባይቀበሏቸውስ? ሰው ፊት ቢመልሷቸውስ? ከዚያ ወዲያ ሰርግም የለ፣ ወንድምም የለ።

ወፍጮ ቤቱ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ለብሰዋል። ቀና ብለው አባባን አዩ። ዓይናቸውን ወደ ጆንያው አዞሩ።

«የማን ነው?» አሉ በጩኸቱ ላይ ጮኸው።

«የትርንጎ ነው!» አሉ አባባም ጮኸው። «የሰርጓ ነው!»

አጎቴ ሄደው ወፍጮውን አጠፉት። ጸጥ አለ፤ ጆሮዬ ጭው አለብኝ። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አባባ ጎንበስ ብለው የታላቃቸውን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ አጎቴ በሁለት እጃቸው ያዟቸው። አዲሱ ጋቢ ላይ የዱቄት እጅ አሻራ ቀረ።

«አያ፣ ልጅዎን ልንድር ነው። ያለ እርስዎ አይሆንም» አሉ አባባ።

«ካርዴስ?» አሉ አጎቴ።

አባባ ደነገጡ። «አያ፣ እርስዎን በወረቀት?»

«የሞጣ ሰው ሁሉ ከከድጃ ሱቅ ካርድ ይዞ ሲወጣ እኔ መርፌ ይዤ ስወጣ ሰነበትኩ። ምን አጠፋሁ፣ ወንድሜ ይስማው?» አሉ አባባን በስማቸው ጠርተው።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም። ያን ዕለት ደጃፍ ያስቀመጥሁዎ እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ካርዱንም የሰረዝሁት ንቄዎት አይደለም፣ አፍሬ ነው። ናፍቀውኝ ነው የመጣሁ። ጤፉ ሰበብ ነው።»

«አውቄያለሁ» አሉ አጎቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቢቸና ወፍጮ ሞልቷል።»

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለችው ወንበር አንዲት ናት። አጎቴ ሳቡና «ቁጭ በል» አሉ። አባባ «እርስዎ ቆመው?» አሉ። «እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በል!» «ታላቄ ነዎት፣ አይደረግም!» እንደገና ሊኳረፉ ነው ብዬ ሰጋሁ። በመጨረሻ ሁለቱም የጤፉ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንበሯ ለእኔ ተረፈች። እንደ ልማዴ አንግቼው የመጣሁትን ላፕቶፕ ከፍቼ ተቀመጥኩባት፤ አጎቴ ካርድ ይፈልጋሉና።

አሁን የብልጠቴን ዋጋ እዩልኝ። የአጎቴ ስም አረንጓዴ ነው። «ታትሟል።» ተቆልፏል። መክፈቻ የለውም። አጎቴ ተነሥተው ከጎኔ ቆመው ስክሪኑን አዩና «ታትሟል ይላል እኮ፣ የት አለ ታዲያ?» አሉ። ምን ልበላቸው? አሥር ጣቴ በዱቄት እየተለወሰ ኮዴን ከፍቼ ቁልፉን አፈረስኩት። በምትኩ ሌላ ነገር ጻፍኩ፦ መስኮቷ ስትዘጋ ገጹ ከእንግዲህ በራሱ አይፍረድ፤ «ወረቀቱ ወጣ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከሥሩ «ወጣ» እና «አልወጣም» የሚሉ አዝራሮች ይኑሩት። መጠየቅ ሙያዬ ሆኖ ሳለ ገጼን መጠየቅ ሳላስተምረው መቅረቴ ነው የገረመኝ።

ከወይዘሮ ከድጃ ሱቅ ጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን አተምነው። ገጹ «ወረቀቱ ወጣ?» ሲል አጎቴ ካርዳቸውን ከፕሪንተሩ አፍ ላይ ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው፣ በዱቄታም ጣታቸው «ወጣ» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ። ከዚያ ካርዱን ከፍ አድርገው ይዘው በወይዘሮ ከድጃ ሱቅ በር ላይ ቀስ ብለው አለፉ፤ ሲመለሱም በዚያው አለፉ። ወይዘሮ ከድጃ እልል አሉ። «ዛሬስ መርፌ አይገዙም?» ሲሏቸው አጎቴ ያልሰሙ መሰሉ።

የሰርጉ ዕለት አጎቴ ዳሱ ራስ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበሩን ይዘው የቆዩላቸው አባባ ናቸው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ ቆመው ነበር። ትርንጎ ተንበረከከች። አጎቴ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ፤ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ሰጧት። ወርቅ መስሎን አንገታችንን አሰገግን። ስትፈታው መርፌ ነው፤ ጥቅል በጥቅል ላይ፣ ሁሉም አዲስ።

«ሳልጠራ የቀረሁ መስሎኝ ያጠራቀምኩት ነው» አሏት። «የተቀደደውን ሁሉ እየሰፋሽ ኑሪ።»

ትርንጎ ኩሏ እስኪፈስ አለቀሰች፤ ሚዜዎቹም አብረው። አባባ ጎንበስ ብለው ከጥቅሉ አንዲት መርፌ መዘዙና፣ የአጎቴ የዱቄት እጅ ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ጋቢያቸው ላይ ሰኳት።